አሥራ ሁለት ቁጥር አልጋ

መቱ ውስጥ ዝናብ የማይወቀስበት ነገር የለም። መንገድ ቢቆረጥ ዝናቡ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ዝናቡ ነው፤ ሙሽራ ቢዘገይም ዝናቡ ነው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር የገመድ አልባው ኢንተርኔት ድርግም ሲል፣ ከመቱ እስከ ኖፓ፣ ከኖፓ እስከ ያዮ አንድም ሰው «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም። ዝናቡ ነዋ!

የጠየቀችው ሴና ደበሳ ብቻ ናት። እሷም የጠየቀችው ዘግይታ ነው፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ሴና ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከገበያው ፊት ለፊት ባለው የጋሼ ሚፍታህ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ከስፒከርና ከዲሽ ካርቶን ጀርባ አንዲት ጠረጴዛ አለቻት። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በአራት ጎድሎባታል። «እኔ አይደለሁም የጎደልኩት፣ መግቢያው ነው የተረፈው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ሽፋኑ በፕላስተር በታሰረ አሮጌ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲኖር ከስልኳ እያወረደች፣ ሲጠፋ ያወረደችውን እያነበበች፣ ኮድ መጻፍ ተማረች። ማን አስተማረሽ ሲሏት «መብራት ኃይል» ብላ ትመልሳለች፤ የረጅም ጊዜ ጨለማ ረጅም ንባብ ሰጥቷታልና።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በአካባቢው ከተሞች አሥራ አንድ የኢንተርኔት ሣጥኖች በምሰሶና በጣሪያ ላይ ተከለ። አንዱ የሚፍታህ ጣሪያ ላይ ነው፤ አንቴናው ወደ ኖፓ ያያል። ሣጥኖቹን የምትጠብቅ፣ ምሰሶ የምትወጣ፣ ሥራ ሲያቆሙ አጥፍታ የምታበራ ሰው ሲፈለግ ሴና በውል ተቀጠረች። በሣጥኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮምፒውተርና አንድ የዋይፋይ ካርድ አሉ። ሁለቱን የሚያነጋግር ኮድ አለ፤ ድራይቨር ይባላል። የድርጅቱ ደንብ ግልጽ ነው፤ ማንኛውም የድራይቨር ለውጥ ወደ ሣጥኖቹ ከመላኩ በፊት ከግርጌው ሁለት ስም ይጻፋል፤ ጸሐፊ እና ገምጋሚ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ድራይቨሩን የጻፈው ኢንጂነር አብነት «ሌላ ሰው የለም፤ ለደንቡ ያህል ስምሽን አስገቢ» ብሎ ላከላት። ሴና ስሟን ለማስገባት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። አንድ መስመር እንኳ አላነበበችም። ስሟ ከኢንጂነሩ ስም ሥር ተቀምጦ ሲያበራ አይታ፣ ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አንስታ ያዮ ላለችው እናቷ ላከች።

ሐምሌ ላይ የኖፓው ሣጥን ሞተ። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ዘጠኝ ቀን ወጥቶ የሚያበራው ጠፋ። የኖፓው የግል ክሊኒክ ኃላፊ ጋሼ ጎንፋ፣ የበሽተኞቹን የምርመራ ውጤት መቱ ላለው ሐኪም መላክ አቅቶት ሰው በበቅሎ ላከ። በየቀኑም ይደውላል። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬስ?» ይላታል። «ዝናቡ ነው ጋሼ» ትለዋለች። በአሥረኛው ቀን እሷው በእግሯ ገብታ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ምሰሶው ላይ ወጥታ ሣጥኑን ስትከፍተው ውስጡ አመድ የመሰለ ደረቅ ነበር። አንድ ጠብታ ውሃ የለም። አጥፍታ አበራችው፤ ወዲያው ነቃ። ውሃ የገባበት ዕቃ እንዲህ አይነቃም።

ያኔ የራሷ ስም ትዝ አላት። ገምጋሚ፦ ሴና ደበሳ።

ከዚያ ወዲህ በጋውን ሙሉ ድራይቨሩን ስታነብ ከረመች። ሰው ደብተር እንደሚያነብ ከላይ ወደ ታች አይደለም፤ ሌባ የገባበት ቤት እንደሚፈተሽ ነው። ማን በየት ገባ፣ ምን አነሳ፣ ያነሳውን የት አስቀመጠ፣ ማን ተቀበለው። በመጋቢት ማለቂያ ላይ ሌባውን አገኘችው።

ኢንጂነር አብነት አዲሱን ድራይቨር አስቀድሞ ልኮላት፣ ረቡዕ ዕለት ራሱ ከሱቁ ደጅ ደረሰ። ሚያዝያ ነው፤ ጥቂት ቀን ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። አብነት ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ የሁለት ቀን መንገድ ያንገላታው ሰው።

«ሴና፣ አነበብሽው?»

«አነበብኩት።»

«ታዲያ ስምሽ የታለ?»

«ስሜማ እዚሁ አለ፣ የትም አልሄደም። ስም የሚያስፈልገው ኮድህ ነው። እኔ ያወጣሁለትን ደግሞ ጋሼ ሚፍታህ ፊት አልናገርም።»

ሚፍታህ ከባንኮኒው ጀርባ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ለሃያ ዓመት ሱቅ የያዘ የስልጤ ሰው ነው፤ ጠብ ከመነሳቱ በፊት ይሸተዋል፤ ከተነሳም ከፊት ወንበር ሆኖ ያያል።

አብነት የፕላስቲክ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ስሚኝ። ባለፈው ክረምት የሆነውን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያሻሻልኩት። አሁን ሲግናል ደከም ሲል ካርዱ ቶሎ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። አይጠብቅም።»

«እሱን ነው የምልህ። መውደቂያውን አበዛህለት እንጂ አልደገፍከውም።»

«ዓርብ ወደ አሥራ አንዱም ሣጥን ይሄዳል። አሁን ካልሄደ ክረምቱ ይቀድመናል። የአንቺም ውል ግንቦት ሠላሳ ያልቃል፤ ለእድሳቱ አስተያየት የምሰጠው እኔ ነኝ። ማስፈራራቴ አይደለም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው።»

«ጨዋ ማስፈራሪያ እንዳለ አላውቅም ነበር። ተማርኩ።»

ውሉ ባይታደስ ወደ ቻርጀር መሸጥ ልትመለስ ነው። ምሰሶዎቹን፣ ሣጥኖቹን፣ በጋውን ሙሉ ያነበበችውን ኮድ ሌላ ሰው ይረከባል፤ ያም ሰው ያለ ንባብ ስሙን ያስገባል። ቢሆንም ስሟን ለሁለተኛ ጊዜ በማታምንበት ነገር ሥር ማየት፣ ለእሷ ከዚያም የባሰ ነው።

«አሳይሃለሁ» አለችና የስፒከር ካርቶን ቀድዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «አንተ ያዮ የቡና ማድረቂያ አልጋ አይተህ ታውቃለህ?»

«በመኪና ሳልፍ።»

«በመኪና ስታልፍ አይታይም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያዮ ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅም ሰው ማለዳ ወደ ጫካ ከመግባቱ በፊት ከማኅበሩ መጋዘን የአልጋ ቁጥር ይቀበላል። አልጋው በእንጨት ላይ የተወጠረ ረጅም የሽቦ ወንፊት ነው። ሲመለስ ማንንም ሳይጠይቅ ቀይ ቡናውን በቁጥሩ አልጋ ላይ ያፈሳል። አልጋውን የሚያድለው ሰው አንድ ትልቅ ሕግ አለው፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው ጫካ ውስጥ እስካለ ድረስ አልጋው ባዶ ሆኖ ቢታይም ለሌላ አይሰጥም።

ሴና ስምንት ዓመቷ ሳለ አዲስ አዳይ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት ኃይለኛ ዝናብ ወረደ፤ ለቃሚው ሁሉ ዛፍ ሥር ተጠለለ። ጋብ ሲል አዳዩ «እነዚህማ ዛሬ አይመለሱም» ብሎ ያልተያዙ የመሰሉትን አልጋዎች፣ ግማሽ የደረቀ ቡና ይዘው ከሌላ ቦታ ለመጡ ሰዎች አደለ። ሊመሽ ሲል እናቷ እትዬ ዲሪቤ ከነከረጢቷ መጣች። ራሷን በላስቲክ ሸፍናለች፣ ጎንበስ ብላለች፣ ቀና ብላም አላየች። አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ደርሳ የራሰውን ቀይ ቡናዋን ዘረገፈችው፤ የሌላ ሰው ግማሽ የደረቀ ቡና ላይ። የሁለቱም ቡና ሻገተ። መንደሩ ግማሹ ዲሪቤን፣ ግማሹ ዝናቡን ወቀሰ። አዳዩን የወቀሰ አልነበረም።

«ሜሞሪው አልጋ ነው» አለች ሴና ካርቶኑ ላይ አራት ማዕዘኖች እየሠራች። «ካርዱ ለቃሚው ነው። ድራይቨርህ ደግሞ አዳዩ ነው። ካርዱ ከአየር ላይ የለቀመውን ዳታ የሚያፈስበትን ቦታ አንተ ቁጥር ትሰጠዋለህ። ሲያፈስም አንተን አያስፈቅድም። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

«መስመር አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሜሞሪውን መልሰህ ለሌላ ሥራ ሰጠህ። ካርዱን ‹አቁም› ያልከው መስመር አራት መቶ ሃያ ላይ ነው። በመሀል ሰባት መስመር አለ። እዚያ ውስጥ ካርዱ የት ነው ያለው?»

አብነት ወደ ካርቶኑ አጎነበሰ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ከዓይን ጥቅሻ በሺህ እጅ ያነሰ ጊዜ ነው እኮ።»

«ለአንተ። ለካርዱ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ነው።»

«ሴና፣ ይሄ አዲስ አበባ ሦስት ወር ተሞክሯል። አንዴ እንኳ አልወደቀም።»

«ስትሞክሩት ሁለቱ አንቴናዎች ምን ያህል ይራራቁ ነበር?»

«... ሁለት ሜትር። ጠረጴዛ ላይ።»

«በመሀላቸው ጫካ ነበር?»

«የሻይ ብርጭቆ ይኖራል» አለ ሚፍታህ።

«እዚህ ዝናብ ሲዘንብ ጫካው በሙሉ ውሃ ይሸከማል፤ ሲግናሉ ይመጣል ይሄዳል፣ ይመጣል ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ድራይቨርህ ካርዱን ሊያስነሳው ይሞክራል፣ በሞከረ ቁጥር ያቺን ሰባት መስመር ያልፋል። አንድ ቀን ካርዱ በማይሆን ቦታ ያፈሳል። ዝናቡ ምን አደረገ? በር ነው ያንኳኳው። በሩን ክፍት የተውከው አንተ ነህ።»

አብነት ጆሮው ቀላ። «በወሬ አይሆንም። አሳዪኝ። ዓርብ የምልከውን ነገር በካርቶን ሥዕል አላስቆምም።»

«አሳይሃለሁ። ያለ ዝናብ።» ወደ ባንኮኒው ዞረች። «ጋሼ ሚፍታህ፣ ያን ትልቁን የብረት ሳፋ የት አደረጉት?»

«ምን ልታጥቢበት?»

«የሰው ስም።»

ሚፍታህ ሳፋውን ታቅፎ በመሰላሉ ጣሪያ ላይ ወጣ። እሱ ራሱ ካልያዝኩ ብሎ ነው፤ ሳፋው የባለቤቱ ነው፣ ቢጨራመት የሚጠየቀው እሱ ነው። ሴና ላፕቶፗን ከጣሪያው ሥር ካለው ደረጃ ላይ አስቀመጠች፤ አብነት ከጎኗ ቆመ። ሣጥኑ ላይ አዲሱ ድራይቨር ለሙከራ ተጭኗል። ሰማዩ እንደ ተጠረገ ሜዳ ንጹሕ ነው።

«ይሸፍኑ!»

ሚፍታህ ሳፋውን አንቴናው ፊት ደቀነ። ሲግናሉ ወደቀ።

«ይክፈቱ!»

ተመለሰ።

በሦስተኛው ላይ ገበያው ሥራ ፈታ። ሽንኩርት ሻጯ ተጂቱ ከመደቧ ተነስታ አንጋጠጠች። «ሚፍታህ! ማል ተኤ? ምን ነካህ? ፀሐይን ልታጥባት ነው?»

«ኢንተርኔት እያጣራሁ ነው!» አለ ሚፍታህ ከላይ። «ወላሂ፣ ዝቃጭ በዝቶበታል!»

«ለእኔም አንድ ሊትር ቅዳልኝ!»

ገበያው በሳቅ አውካካ። ሴና አልሳቀችም፤ እየቆጠረች ነው። ስምንት። ዘጠኝ። አብነት ሰዓቱን አየ። አሥራ ሦስት። ሚፍታህ «ክንዴ» አለ። አሥራ አራት። ላቧ በአንገቷ ወረደ፤ ካልወደቀስ? በጋው ሁሉ ከንቱ፣ ውሉ ከንቱ፣ ተጂቱ ደግሞ እስከ መስቀል የምትስቅበት አገኘች። አሥራ ስድስት።

«ይሸፍኑ! ... ይክፈቱ!»

ስክሪኑ ቆመ። ሲግናሉ አልተመለሰም። ሴና ቁልፎቹን ተጫነች፤ ሣጥኑ አይሰማም። ልክ እንደ ኖፓው፣ ልክ እንደ ሐምሌው፣ ዓይኑን ገልጦ የሞተ።

አብነት ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አንዲት የጭስ ያህል ደመና የለም።

«አጋጣሚ ሊሆን ይችላል» አለ፤ ድምፁ ግን አላመነም።

አጥፍተው አበሩት። በዘጠነኛው ሽፈና ሞተ። እንደገና አበሩት፤ በሃያ አንደኛው ሞተ። ከዚያ በኋላ አብነት የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ሦስት ወር» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ የሣጥኑን ጎማ ሳስለውጥ ነበር። ውሃ እንዳይገባ።»

ሴና የምትለው ሦስት ነገር ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፤ ሦስቱም የሚያቆስሉ። ግን ባለፈው ዓመት ስሟ ያለው ከእሱ ሥር መሆኑ ትዝ አላትና ዋጠችው።

«ጎማውስ ጥሩ ነው» አለች። «ጉንዳን አይገባም።»

ማረሚያውን አስቀድማ ጽፋው ነበር። በበነጋው ሐሙስ ጠዋት አብነት ላፕቶፑን ተቀብሎ ያነብ ጀመር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ካርዱን አቁም በለው፤ ከዚያ የያዘውን አፍስሶ «ጨረስኩ» እስኪል ጠብቅ፤ ሜሞሪውን ለሌላ ስጥ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። አዳዩ ለቃሚው እስኪመለስ ይጠብቅ፣ አለቀ። አሥራ ዘጠኝ መስመር። ሴና እጇን አጣጥፋ ምስጋናዋን ትጠብቃለች።

አብነት ሁለቴ አነበበው። «አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ጠይቅ።»

«ካርዱ ‹ጨረስኩ› ባይልስ? ከነጭራሹ ቢደነዝዝስ?»

«ይጠብቃል።»

«እስከ መቼ?»

ሴና መስመሮቹን ዳግም አየቻቸው። እስከ መቼም። ኮዷ እስከ ዘላለም ይጠብቃል። ካርዱ አንዴ ዝም ካለ ሣጥኑም አብሮት ዝም ይላል፤ ጎንፋ ደግሞ ይደውላል። ፊቷ ነደደ። በጋውን ሙሉ የሰውን ጉድጓድ ስትቆጥር የራሷን ዘላው አልፋለች።

ሚፍታህ ከባንኮኒው አንገቱን አስግጎ ሁለቱን አያቸው፤ አንደኛው እንዲናገር የፈለገ ይመስላል።

«እንግዲህ» አለች ሴና በመጨረሻ፣ «ማንበብ ትችላለህ ለካ።»

አብነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ያዮ ላይ ለቃሚው ባይመለስ ምን ያደርጋሉ?»

«ሰው ጫካ ይላካል። መሞት መኖሩ ሳይታወቅ አልጋው አይነካም።»

«እንግዲያው እኛም ሰው እንላክ።»

አብረው ጻፉት፤ እሷ እየመታች፣ እሱ እየተከራከረ። ለካርዱ የተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በዚያ ውስጥ ካልመለሰ ኤሌክትሪኩ ይቆረጥበታል፤ ኤሌክትሪክ የሌለው ካርድ ደግሞ የትም ምንም አያፈስም፤ ያኔ ሜሞሪው ይለቀቃል። አሥራ ዘጠኙ መስመር ሠላሳ አንድ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሚፍታህ ሳፋውን ይዞ ወጣ፤ ሃያ ሸፍኖ ወረደ፤ አብነት ኮቱን አውልቆ ተካው፤ ከዚያ ሴና። ተጂቱ ሽንኩርቷን ትታ ጮክ ብላ ትቆጥርላቸዋለች፤ ከመቶ በኋላ ወደ ኦሮምኛ ዞራ ቀጠለች። ሁለት መቶ ላይ ሳፋው ተጨራመተ። ሣጥኑ አልሞተም።

ዓርብ ጠዋት፣ ለውጡ ከመላኩ በፊት፣ አብነት ስም የሚጻፍበትን ቦታ ከፍቶ ላፕቶፑን ወደ ሴና አዞረው። ጸሐፊ የሚለው ባዶ ነበር።

«ያንተን አላስገባህም?»

«እኔ አልጻፍኩትም። ያንቺን አስገቢ። እኔ ገምጋሚ ነኝ።»

ሴና ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ። ከዚያ ሠላሳ አንዱንም መስመር፣ ራሷ የጻፈችውን፣ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ዳግም አነበበች። ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ስሟን ያስገባችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ ሚፍታህ። «ክንዴስ? ሳፋዬስ? ይሄ ወረቀት እኔን አያውቀኝም?»

አብነት ጭንቅላቱን አከከ። «ግዴታ ያልሆነ ሦስተኛ ቦታም አለ፤ ሞካሪ የሚባል። ማንም ጽፎት አያውቅም እንጂ።»

«ታዲያ ጻፋ!»

ጸሐፊ፦ ሴና ደበሳ። ገምጋሚ፦ አብነት ወልደ የሱስ። ሞካሪ፦ ሚፍታህ ሱልጣን።

ለውጡ አራት ሰዓት ላይ ወደ አሥራ አንዱም ሣጥን ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኖፓ ሰማይ ጠቆረ፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ መቱም ደረሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሱቅ ውስጥ መነጋገር አልተቻለም። የአብነት መኪና ጉዞዋን ሰርዛ ደጅ ላይ ቆማለች። ሦስቱም ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ስክሪኑን ያያሉ፤ የኖፓ ሲግናል ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። አሥር ሰዓት ሆነ። ሠላሳ ሰባት ጊዜ ወደቀ፤ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ተነሳ።

ከዚያ ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ጎንፋ ነው።

ሴና ስልኩን አየችው፣ አብነትን አየችው። ሚፍታህ «ያ ረብ» አለ በሹክሹክታ። አነሳችው።

«ኢንታላ ኮ» አለ ጎንፋ፣ ከዝናቡ በላይ እየጮኸ፣ «ደህና ነሽ? አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። ምነው? ወደቀ እንዴ?»

«የለም፣ የለም፣ አልወደቀም። እሱ ነው ግራ የገባኝ። እንዲህ ዘንቦ ሳልደውልልሽ ልውል ነው ብዬ፣ ቅር አለኝና ደወልኩ።»

ሴና ስልኩን ዘግታ ወደ ዝናቡ ዞረች። አብነትና ሚፍታህ ፊቷን እንዳያዩት ነው። «ዝናቡ ጥሩ ነው» አለች።

ሰኞ ዕለት ሚፍታህ ሦስቱን ስሞች በትልልቅ ፊደል አሳትሞ ከባንኮኒው በላይ፣ ከንግድ ፈቃዱ አጠገብ በመስታወት ሰቀለው። ከሥሩ ሚስማር መትቶ የተጨራመተውን ሳፋ አንጠለጠለበት። ቻርጀር ሊገዛ የገባ ሰው ሁሉ ምንድነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሚፍታህም ሥራውን ትቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያወራል፤ በእሱ ወሬ ሽፈናው አምስት መቶ ደርሷል። ሴና ከካርቶኖቹ ጀርባ ሆና ትሰማዋለች፤ አታርመውም። አዲሱ ውሏ ላይ «የጣቢያ ጠባቂ» የሚለው ተሰርዞ «የድራይቨር ገምጋሚ» ተብሎ ተጽፏል፤ የአብነት የሚቀጥለው ኮድ ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ ነው። እስካሁን መስመር ስልሳ ደርሳለች፤ ሁለት ቦታ ላይ «ይሄን ስትጽፍ ምሳ አልበላህም?» የሚል ማስታወሻ አስፍራለች።

ለእናቷም ፎቶ ልካለች። እትዬ ዲሪቤ መልሳ ደወለች።

«የላይኛው ስም ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው እማ።»

«በደንብ አንብበሽዋል አይደል?»

«ሁለቴ» አለች ሴና።